ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስንዋኝ እግራችንን እንዴት እንጠብቅ?

ቀዝቃዛ ክፍት ውሃ ላይ መዋኘት የጀመረ ሰው ስለ እግሩ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ሚሊሜትር ካልሲ ልግዛ?» ብሎ ነው። ካልሲ ስል ኒዮፕሪን ከሚባለው አረፋ ያለበት ላስቲክ የተሠራውን የዋና ካልሲ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገሮች ይቀድሙታል። አንደኛ፣ ውሃው ዳር ስትደርሱ እግራችሁ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ሁለተኛ፣ ካልሲው ልካችሁ ነው? ውፍረቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አምስት ሚሊሜትር ካልሲ አድርጎ እግሩ ደንዝዞ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፤ አጠገቡ ደግሞ በሦስት ሚሊሜትር ምንም ያልሆነ። የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ካልሲ ሰፊ ነበር። እግሩን በመታ ቁጥር አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ያስገባል።

እኔ ጣቶቼ ቶሎ የሚነጡ ሰው ነኝ። ትንሿ ጣቴ ከሁሉም ቀድማ ትደነዝዛለች። ጀማሪዎችንም ይዤ ስለምገባ የእግር ነገር ሁሌ ያሳስበኛል። ከዚህ በታች ያለው እኔ የማደርገው ነው፤ ለምን እንደማደርገውም እየጨመርኩ እነግራችኋለሁ። ምክንያቱ የገባው ሰው አንድ ዕቃ ቢጎድለው በሌላ ይተካል።

እግር ለምን ቀድሞ ይቀዘቅዛል?

ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 12 ዲግሪ አየር ላይ በአንድ ሹራብ ዘና ብለን እንሄዳለን። 12 ዲግሪ ውሃ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሰውነት ይህ ሲደርስበት ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ማዳን ይመርጣል። ለዚህም የእጅና የእግር ደም ስሮችን ያጠብባል። ወደ ጣቶች የሚሄደው ሙቅ ደም በጣም ይቀንሳል።

እግር ራሱን የሚያሞቅበት ነገር ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ሙቀት የሚያመነጨው ጡንቻ ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች የሚበዛው ግን አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ጡንቻዎች እንኳ ያሉት ባታችን ላይ ነው። ስለዚህ «ጠንከር አድርጌ ብመታ ይሞቃል» የሚሉ ሰዎች ጭናቸውንና ባታቸውን ያሞቃሉ፤ ጣታቸው ጋ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ውሃው ውስጥ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ እግራችሁ ድንገት ሞቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ብሪታኒያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1930 ይህን ጽፎታል። በረዶ ውሃ ውስጥ የገባ ጣት ደም ስሩ ከጠበበ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፣ መልሶ ይጠብባል፣ እንደገና ይከፈታል። ይህ መፈራረቅ ከሰው ሰው ይለያያል። መላ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይዳከማል። ስለዚህ «ተላመደልኝ» ብላችሁ ሰዓት አትጨምሩ።

ከመግባታችን በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

እግር የሚሞቀው ከውሃው በፊት ነው። ውሃ ውስጥ የምናደርገው ያለውን ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ማዘግየት ብቻ ነው። ቀዝቅዞ የገባ እግር ምንም ብታለብሱት አይሞቅም።

ስለዚህ ወደ ውሃው የምሄደው በደረቅ የሱፍ ካልሲና ሰፋ ባለ ጫማ ነው። መንገድ ላይ እግሬ ካላበው ስደርስ ካልሲ እቀይራለሁ፤ እርጥብ ካልሲ እዚያው ቆመን ሳለ ያቀዘቅዛል። ከዚያ ልብስ የምቀይርበት ቦታ ላይ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ አነጥፋለሁ፤ ስፖርት የሚሠራበት ዓይነቱ ይበቃል፣ ቁራጩም ይሆናል። ይህን ምንጣፍ ንቀው የሚተዉት ብዙ ናቸው። በባዶ እግር ቀዝቃዛ ድንጋይ ወይም ጭቃ ላይ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ግን ሳይዋኝ ግማሹን ጨርሷል።

የኒዮፕሪን ካልሲዬን ከቤት ስወጣ ትኩስ ውሃ በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ዙሪያ ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ስደርስ ለብ ብሎ ይጠብቀኛል። ላስቲኩ ከሌላችሁ ካፖርታችሁ ውስጥ፣ ሆዳችሁ ጋ ሸጉጡት።

አንዳንዶች ካልሲውን ካጠለቁ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ያፈሱበታል። ይሠራል፤ ግን ውሃው ሁለት እርምጃ ላይ ሲሆን ነው። ቀድሞ የገባው ለብ ያለ ውሃ ክፍተቱን ስለሚሞላ ቀዝቃዛው የሚገባበት ቦታ ያጣል። ዳርቻው ሩቅ ከሆነ ግን ስትደርሱ ያ ውሃ ቀዝቅዟል፤ ደረቁን ካልሲም በከንቱ አርጥባችኋል። ውሃው ለብ ያለ እንጂ ትኩስ አይሁን።

ጭንቅላትና ደረት ሲበርዳቸው እግርም ይበርደዋል። ሰውነት መሀሉ ሲሞቅ ነው ወደ ጫፍ ደም የሚለቀው። እግሬ በረደኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማየው ኮፍያውን ነው። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ኮፍያና ካፖርት አታውልቁ። ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ በእግር ጣታችሁ ቆማችሁ ወረድ በሉ፤ ደጋግሙት። ሳያልባችሁ አቁሙ። ሲጋራ ከውሃ በፊት አታጭሱ፤ ኒኮቲን ደም ስር ያጠብባል። አልኮል ደግሞ የሞቀን ያስመስላል እንጂ ቆዳ ላይ ያሉትን ደም ስሮች ከፍቶ ሙቀታችንን ያስወጣል።

ካልሲው፦ ልክ፣ ስፌት፣ ከዚያ ውፍረት

የኒዮፕሪን የዋና ልብስ እንዴት እንደሚሠራ ከገባችሁ ካልሲ መምረጥ ይቀልላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1952 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው የፊዚክስ ባለሙያ ሂዩ ብራድነር አንድ ትልቅ ነገር አስተዋለ። ሰው እንዲሞቀው የግድ ደረቅ መሆን የለበትም። ሙቀት የሚይዙት በኒዮፕሪኑ ውስጥ የታሰሩት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ከውስጥ የሚገባው ቀጭን የውሃ ሽፋን ችግር የለውም፤ ካልተንቀሳቀሰ። ዋናው ቃል ይቺ ናት፦ ካልተንቀሳቀሰ። የገባው ውሃ እዚያው ከቆየ ከቆዳችን ሙቀት ወስዶ ለብ ይላል። ከወጣና ሌላ ከተተካ ግን ሰውነታችን ሐይቁን ሲያሞቅ ይውላል።

ለዚህ ነው ልክ ከውፍረት የሚቀድመው። ካልሲውን ስትሞክሩ ተቀምጣችሁ አትወስኑ፤ ቁሙ። ሦስት ቦታ በጣታችሁ ቆንጥጡት፦ ተረከዙ ጋ፣ የእግር ጀርባ ላይ፣ ከጣቶቹ ጫፍ ፊት። ኒዮፕሪኑ ብቻውን ከተያዘላችሁና ባዶ ኪስ ከተፈጠረ ሰፊ ነው። ከዚያ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። መንቀሳቀስ አለባቸው። አምስት ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ጠብቁ። ጣቶቻችሁ መንዘር ከጀመሩ፣ ስታወልቁትም ቆዳው ላይ ጠልቆ የሚታይ ምልክት ከተወ ጠባብ ነው። ጠባብ ካልሲ ከሰፊው አይሻልም። የቀረችውን ጥቂት ደም እሱም ያግዳታል። በተለይ ከሥሩ ሌላ ካልሲ ደርበው የሚያጠልቁ ሰዎች ሳያውቁት የሚያደርጉት ይሄንን ነው።

አብራኝ የምትዋኝ ጓደኛዬ እግሯ ከፊት ሰፊ፣ ተረከዟ ቀጭን ነው። በቁጥር ልኳ የሆነ ካልሲ ሁሉ ተረከዟ ላይ ኪስ ይፈጥር ነበር። መፍትሔ የሆናት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማሰሪያ ያለው ዓይነት ነው። እግራችሁ እንደሷ ከሆነ ቁጥር ከመጨመርና ከመቀነስ ይልቅ ማሰሪያ ያለውን ፈልጉ።

ትክክለኛው ፈተና ውሃ ውስጥ ነው። ሃምሳ ሜትር ያህል እግር እየመታችሁ ዋኙ። ውጡና ተቀመጡ። ካልሲውን አውልቃችሁ ገልብጡት። አንድ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ውሃ ጠብ ካለ ጥሩ ነው። ዥው ብሎ ከፈሰሰ ሌላ ፈልጉ።

ስፌቱንም እዩ። ጥሩው ካልሲ ጠርዝ ለጠርዝ በማጣበቂያ ተያይዞ መርፌው ኒዮፕሪኑን ሳይበሳው ከላይ ከላይ ብቻ የተሰፋ ነው። ካልሲውን ገልብጡና ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። ክሩ በሁለቱም ገጽ ከታየ መርፌው አልፏል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ይገባል።

ካልሲ ወይስ ጫማ የሚለው በዳርቻው ይወሰናል። ጫማው ወፍራም የላስቲክ ሶል አለው፤ ድንጋይና ዛጎል ይከላከላል፤ ለመዋኘት ግን ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚትንም ያግዳል። እኔ ካልሲ እመርጣለሁ። እስከ ውሃው ጫፍ በሰንደል እሄዳለሁ፤ ሰንደሉን እዚያው ማዕበል በማይደርስበት ቦታ እተወዋለሁ። ከዳር እስከ ጥልቁ ድረስ ስለታም ድንጋይ ያለበት ቦታ ከሆነ ግን ያለ ጫማ አልገባም፤ ቢከብድም።

ውፍረቱን እንዲህ አድርጌ እይዘዋለሁ። ከ18 ዲግሪ በላይ ባዶ እግር፣ መሬቱ ካላስፈራ። ከ18 እስከ 14 ድረስ፣ ረዘም ላለ ዋና ብቻ ሁለት ሚሊሜትር። ከ14 እስከ 10 ሦስት። ከ10 በታች ከሦስት እስከ አምስት። ከ5 ዲግሪ በታች ደግሞ አምስት ሚሊሜትርና አጭር ሰዓት። ይህ የኔ እግር ልማድ ነው፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል። ውፍረት ዋጋ እንዳለው ግን አትርሱ። አምስት ሚሊሜትር እግርን ወደ ላይ ያንሳፍፋል፤ ከኒዮፕሪን የዋና ልብስ ጋር ሲሆን እግር ከውሃው በላይ እየወጣ ወገብ ይጎብጣል። እንዲያ ሲሆን የእግር ምታችሁን ቀንሱ፣ ከዳሌያችሁ ምቱ፣ ጣታችሁን አታጥፉ። ጣት አጥፎ ወፍራም ካልሲ ውስጥ የሚመታ ሰው ባቱን ወይም ውስጥ እግሩን ስትራፖ ይይዘዋል።

አጠላለቁ

የእግር ጥፍር አጭር ይሁን፤ ኒዮፕሪን በጥፍር ይቀደዳል። እግራችሁን በደንብ አድርቁ።   ማጥለቁ የሚቸግር ከሆነ ካልሲውን እስከ ተረከዙ ገልብጡና መጀመሪያ ጣቶቹን አስገቡ፤ ከዚያ እንደ ሱሪ እግር ወደ ላይ ዘርጉት።

ካልሲው ይቀድማል፣ የዋና ልብሱ እግር ከላዩ ላይ ይወርዳል። ይሄ ቅደም ተከተል ለውበት አይደለም። ወደፊት ስንዋኝ ውሃው ከጭንቅላታችን ወደ እግራችን ይፈሳል። የካልሲው አፍ ደግሞ ወደ ጭንቅላታችን ያያል። ካልሲው ከልብሱ በላይ ከሆነ አፉን ከፍቶ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ ይቀበላል። ያለ ሙሉ ልብስ የምትዋኙ ከሆነ አፉ ባት ላይ ልጥፍ የሚል ወይም ማሰሪያ ያለው ይሁን።

ተረከዝና ቁርጭምጭሚት የሚላጥባችሁ ከሆነ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቅባት ንኩ። ብዙ የኒዮፕሪን አምራቾች ቫዝሊንና መሰል የነዳጅ ውጤት የሆኑ ቅባቶችን አይመክሩም፤ ላኖሊን (ከበግ ሱፍ የሚገኝ ቅባት) ወይም ለዋና ልብስ የተሠራ ቅባት ይሻላል። ቅባት መፋተግን ይከላከላል። ብርድን ግን አይከላከልም፤ በዚያ ስስ መጠን የሚይዘው ሙቀት የለም።

ውሃ ውስጥ

ዘላችሁ አትግቡ። በእግራችሁ መሬቱን እየዳበሳችሁ፣ ሳታነሱ እየጎተታችሁ ግቡ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የባሕር ጃርት፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ዛጎል ብዙ ጊዜ የሚረገጠው ጥልቀቱ ከጉልበት በታች በሆነበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለትንፋሻችሁ ስጡ። ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽን ያቆራርጣል፤ እሱ ሳይረጋጋ ስለ እግር ማሰብ ቦታው አይደለም።

ከዚያ በኋላ እግር ያማል። ሕመሙ እንደ ቁርጥማት አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቀጥሎ ይጠፋል። ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ደስ ብሏቸው «አሁን ለመድኩት» ይሉኛል። የጠፋው ሕመሙ እንጂ ብርዱ አይደለም። ነርቭ ሲቀዘቅዝ መልእክት ማድረስ ያቆማል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። በየጥቂት ደቂቃው ካልሲው ውስጥ አውራ ጣቴን ወደ ላይ አነሳለሁ። መነሳቱ ከተሰማኝ እቀጥላለሁ። አንስቼው ይሁን ሳላነሳው ካላወቅሁ ወደ ዳር እዞራለሁ፤ ያኔውኑ፣ «አንድ ዙር ልጨምር» ሳልል። የመመለሻው መንገድም ጊዜ ይወስዳል።

አወጣጥ

ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲወጣ ነው። የደነዘዘ እግር መሬቱ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው፣ ጉልበት ድንጋይ ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ሲደርስ አትቸኩሉ። ድንጋያማ ከሆነ በእጃችሁ ተደግፋችሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም ተቀምጣችሁ ውጡ። ሰንደሉ የሚጠብቃችሁ ውሃው ጫፍ ላይ ይሁን። በሰፊ ማሰሪያ የሚጠለቅ ይሁን፤ የቀዘቀዘ ጣት ክር አያስርም።

አንድ አብሮን የሚዋኝ ልጅ በባዶ እግር ወጥቶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ሻይ ሲጠጣ ቆይቶ ነው ምንጣፉ ላይ ደም ያየው። ውስጥ እግሩን ዛጎል ሰንጥቆታል። ስንጥቁ የጣት ግማሽ ይረዝማል። ምንም አልተሰማውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ስንወጣ እግራችንን በዓይናችን እናያለን። በዓይን ነው፤ በስሜት አይደለም። ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ በጣቶች መሀል። የራሳችሁን ለማየት ጎንበስ ማለት ካስቸገራችሁ እርስ በርስ ተያዩ። ቁስል ካለ በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥባችሁ ሸፍኑት። የሐይቅና የወንዝ ውሃ ጀርም ይኖረዋል፤ ለምሳሌ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በተቆረጠ ቆዳ በኩል ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነም አረጋግጡ። ጥልቅ ከሆነ ወይም የተሰበረ ነገር ውስጡ ከቀረ ሐኪም ይየው።

ከወጣን በኋላ

ምንጣፉ ላይ ቁሙ። መጀመሪያ እርጥቡን ከላይ አውልቁ፣ ደረታችሁን አድርቃችሁ ልበሱ፣ የሱፍ ኮፍያ ድፉ። እግር ከዚያ ይቀጥላል። ተቀምጣችሁ ካልሲውን ከተረከዙ በኩል አውልቁ፤ ከጣቱ አትጎትቱ። ፎጣውን እግራችሁ ላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ፣ አትሹት። የደነዘዘ ቆዳ ሲፈተግ ይላጣል፤ መላጡም አይታወቃችሁም። የጣቶቻችሁን መሀል አትርሱ።

የሱፍ ካልሲው ሰፋ ያለ ይሁን። እኔ ከመግባቴ በፊት አፉን ገልብጬ ለመጥለቅ በሚመች ሁኔታ ጫማዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ስወጣ እጆቼ እንደማይታዘዙኝ አውቃለሁ። ጫማውም ክር የሌለው ነው።

እስካሁን ካልኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙልኝ፦ የደነዘዘ እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከርም። እሳት አጠገብም አይቀመጥም። የትኩስ ውሃ ላስቲክ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። መቃጠሉ አይሰማችሁም፤ ደም የማይዞርበት ቆዳ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፣ ቶሎ ይቃጠላል። እግር ከውስጥ ይሙቅ። ደረቅ ልብስ፣ ሞቅ ያለ መጠጥ፣ ቀስ ያለ እርምጃ። ከወጣችሁ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ የውስጥ ሙቀታችሁ መውረዱን ይቀጥላል፤ መንቀጥቀጡ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቢብስ አትደንግጡ፤ ግን ለብቻችሁ አትሁኑ፣ መንቀጥቀጡ ሳይቆምና እግራችሁ ፍሬን መርገጡን ሳታውቁ መኪና አትንዱ።

ስሜቱ ሲመለስ ያማል፤ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል፣ ቆዳው ይቀላል። ያ ደም ሲመለስ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፎም ጣቶቻችሁ ነጭ ሆነው ከቀሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱን አሳጥሩ።

መቼ ነው የሚያሳስበው?

እግር በረዶ ሳይሠራም በብርድና በእርጥበት ብቻ ሊጎዳ ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ወታደሮችን እግር የበላው ይሄው ጉዳት ነው። ዋናተኛ እንደነሱ ቀናት አይቆይም። ቢሆንም ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነና ደጋግመን ከቆየን ነርቭና ደም ስር ይጎዳል። ምልክቱ እግር ከሞቀ በኋላ ነው የሚታየው፦ እብጠት፣ መቅላት፣ የሚያቃጥል ሕመም፣ ወይም በማግስቱም ያልለቀቀ ድንዛዜ። ይህ ካለ መዋኘቱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ያልፋል» ብሎ በላዩ ላይ እንደገና መቀዝቀዝ ነው ለዓመታት የሚቆይ ሕመም የሚያመጣው።

ጣት ላይ የሚወጡ የሚያሳክኩ ቀይ ወይም ወይንጠጅ እብጠቶች ከዚህ ይለያሉ። ከብርድ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይጠፋሉ። በተለይ የቀዘቀዘን እግር በፍጥነት ስናሞቅ ይመጣሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ማለቱን፣ ማበጡንና ማሳከኩን ተከታተሉ።

ጣቶቻችሁ በትንሽ ብርድ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ የሚሆኑ ከሆነ ሬይኖ የሚባለው ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው፣ እግሩ ላይ ስሜት የቀነሰ ሰው፣ የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የእነዚህ ሰዎች እግር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ከላይ የነገርኳችሁ የአውራ ጣት መለኪያም ለእነሱ አይሠራም።

ካልሲ ለማይፈቀድላቸው

የእንግሊዝ ቻናልን (በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለውን ባሕር) በተለመደው ደንብ የሚያቋርጡ ሰዎች የሚፈቀድላቸው ተራ የዋና ልብስ፣ አንድ ኮፍያና መነጽር ነው። 5 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነ ውሃ አንድ ማይል የሚዋኙበት የዓለም አቀፉ የበረዶ ዋና ማኅበር ደንብም ኒዮፕሪን አይፈቅድም። ለዚህ የምትዘጋጁ ከሆነ እግራችሁን የምትጠብቁት በሰዓት ብቻ ነው። ከውሃው ሙቀት መውረድ ጋር አብራችሁ፣ ወቅቱን ሙሉ ሳታቋርጡ፣ ቀስ በቀስ ውረዱ። እስከ ጫፉ ድረስ ጫማ አድርጉ። ሲወጡ የሚቀበል፣ ምንጣፍና ፎጣ ይዞ የቆመ ሰው ይኑር።

ዕቃውን መያዝ

ካልሲውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ ባሕር ውስጥ ከነበረ ጨው ሳይደርቅበት። ገልብጣችሁ ውስጡን መጀመሪያ አድርቁ፣ ከዚያ መልሱት። ጥላ ላይ ስቀሉት። ፀሐይና ማሞቂያ ኒዮፕሪንን ያደርቁታል፣ ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ ቦርሳ ውስጥ ከቀረ ይሸታል፤ እርጥብ ሆኖ በማግስቱ ሲጠለቅም ከመግባታችሁ በፊት ያቀዘቅዛችኋል። ትንሽ ቀዳዳ በኒዮፕሪን ማጣበቂያ ይደፈናል፦ ሁለቱን ጠርዝ ቀቡ፣ እስኪያጣብቅ ጠብቁ፣ አንድ ላይ ጫኑ፣ እስከ ማግስቱ አትንኩት። ሲታጠፍ ነጫጭ መስመር የሚያወጣ፣ ሲጫኑት እንደ ወረቀት የሚሳሳ ካልሲ ግን አረፋዎቹ አልቀዋል። ለሞቀ ወቅት ድንጋይ መርገጫ አድርጉትና ለብርዱ ሌላ ግዙ።